ወግ አጥባቂ ወይስ ወግ ጠባቂ? በኤድመንድ በርክ ላይ ለተጻፈ ትችት ምላሽ

ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ ነበርኩ። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብላ ባለች አንዲት ካፌ ማኪያቶ አዝዤ ተቀምጫለሁ። ጓደኛዬ ገና ወንበር ሳይስብ ስልኩን አቀበለኝ። «ያንተን ሰውዬ ድባቅ መትተውልሃል፤ በል አንብብ» ብሎ ሳቀ።

«ያንተ ሰውዬ» የሚለው ኤድመንድ በርክን ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ፓርላማ አባል የነበረ ፖለቲከኛና ጸሐፊ። ከዓመታት በፊት ለገሃር አካባቢ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ አዟሪ ስለ ፈረንሳይ አብዮት የጻፈውን መጽሐፍ ገዛሁ። ሽፋን እንኳ አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ በየጨዋታው ስሙን ስለማነሳ ጓደኞቼ ሰውዬውን ዘመዴ አድርገውታል።

ጽሑፉን እዚያው ጨረስኩት። ማኪያቶው ቀዘቀዘ። ጸሐፊው ብዕራቸው ስል ነው፤ ቀልዳቸውም ይጥማል። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው። በርክ የወግ አጥባቂዎች አባት ነው። የነገሥታትና የመኳንንት አሽከር ነበር። ለውጥ የሚባል ነገር አይወድም። ለፈረንሳይዋ ንግሥት ሲያለቅስ ለተራበው ሕዝብ እንባ አልተረፈውም። ጭፍን ጥላቻን በአደባባይ አወድሷል። ስለዚህ ለኛ አይረባም። ማሰሪያቸው ፒያሳ ናት፦ «በርክን ብንሰማ ኖሮ ዛሬም ዶሮ ማነቂያ ላይ ሃያ አባወራ ለአንድ ሽንት ቤት ይሰለፍ ነበር» ይላሉ።

ብዕር ያስነሳችኝ ይቺ የመጨረሻዋ ናት። ከነዚያ ተሰላፊዎች አንዱ እኔ ነበርኩና።

በመግቢያቸው ጥቅስ ልጀምር፤ እሱ ቶሎ ያልቃል። «ክፋት እንዲያሸንፍ የደጋግ ሰዎች ዝም ማለት ይበቃል» የሚለውን አባባል ከበርክ ስም ጋር ከላይ ሰቅለው፣ «ይህን ያለ ሰው ራሱ ዝም ብሏል» ብለው ይሳለቁበታል። በርክ ይህን አላለም። በመጽሐፎቹም፣ በንግግሮቹም፣ በደብዳቤዎቹም ውስጥ የለም። የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ1770 የጻፈው ነው፤ ክፉዎች ሲተባበሩ ደጋጎቹም መደራጀት አለባቸው፣ አለዚያ አንድ በአንድ ይወድቃሉ ይላል። ያ ስለ ፖለቲካ ፓርቲ ጥቅም የተጻፈ ነው። ቲሸርት ላይ ለማተም አይመችም መሰለኝ ሰው ሌላ ፈጠረለት። ባላለው ነገር ሰውን ማሽሟጠጥ ደግሞ ደግ አይደለም።

ወደ አሽከርነቱ ልምጣ። በርክ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1729 ደብሊን፣ አየርላንድ ነው። አየርላንድ ያኔ በእንግሊዝ መዳፍ ውስጥ ናት። አባቱ ጠበቃና ፕሮቴስታንት ናቸው። እናቱ ግን ከካቶሊክ ቤተሰብ ነበሩ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዘመኑ ሕግ የአየርላንድ ካቶሊክ ድምፅ አይሰጥም፤ ፓርላማ አይገባም፤ መሬት እንዳይገዛ ተከልክሏል። በገዛ አገሩ ባይተዋር ነው። በርክ በእናቱ ዘመዶች ላይ ይህ ሲደርስ እያየ አደገ። የተማረው ደግሞ ኩዌከር በሚባሉ ሌሎች ክርስቲያኖች ትምህርት ቤት ነው። ሦስት ሃይማኖት በአንድ ልጅ ላይ ማለት ነው።

ለንደን የሄደው ሕግ ሊማር ነበር። ሕጉን ትቶ ጸሐፊ ሆነ። አባቱ ምን እንደተሰማቸው ለመገመት የሐበሻ አባት ያሳደገው ሰው አይቸገርም። እ.ኤ.አ. በ1765 የጠቅላይ ሚኒስትሩ የሎርድ ሮኪንግሃም የግል ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የፓርላማ ወንበር አገኘ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው። በርክ የኖረው በትልልቅ ጌቶች ድጋፍ ነው። ዕዳ ከትከሻው ወርዶ አያውቅም። በስተርጅናው ከመንግሥት ጡረታ ተቆርጦለት በዚያም ክፉኛ ተሰድቧል።

ግን የሠራውን እንይ። ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ በሹመትና በጉርሻ የፓርላማ አባላትን ሲገዙ፣ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ያለ ሥራ ደመወዝ የሚበላባቸው ወንበሮች እንዲሰረዙ ሕግ ያወጣው በርክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1782። እሱ ራሱ የጦር ሠራዊቱ ከፋይ ሆኖ ተሹሞ ነበር። ያ ወንበር ከሱ በፊት ከነበሩት ብዙዎቹን ሀብታም አድርጓል። በርክ የራሱን ወንበር ጥቅም በራሱ ሕግ ቆረጠ። እንዲህ ያለ አሽከር ያገኘ ንጉሥ ጠላት አያስፈልገውም።

አሜሪካኖች በቀረጥ ምክንያት ሲያምፁስ? መጋቢት 22 ቀን 1775 እ.ኤ.አ. ፓርላማ ላይ ቆሞ ለሰዓታት ተናገረ፤ በጦር አትግዟቸው፣ ታረቋቸው አለ። አልሰሙትም። በቀጣዩ ወር ጦርነቱ ተጀመረ።

የብሪስቶሉን ነገር ጸሐፊው ጨርሰው አላነሱትም። ብሪስቶል የነጋዴ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1774 ሲመርጡት በድል ንግግሩ ላይ ደስ የማይል ነገር ነገራቸው። ተወካያችሁ ድካሙን ብቻ ሳይሆን ፍርዱንም ሊሰጣችሁ ይገባል፤ ፍርዱን ለእናንተ አስተያየት ከሠዋው አገለገላችሁ ሳይሆን ከዳችሁ አላቸው። ምርጫ ባሸነፉበት ቀን እንዲህ የሚናገር ፖለቲከኛ እስቲ ይታያችሁ። ከዚያ የአየርላንድ ንግድ ነጻ ይሁን አለ፤ የብሪስቶል ነጋዴ ተቆጣ። ለካቶሊኮች ተሟገተ፤ ይበልጥ ተቆጡ። እ.ኤ.አ. በ1780 ወንበሩን አጣ።

አሁን ሕንድ። ዋረን ሄስቲንግስ ሕንድ ውስጥ የቤንጋል ጠቅላይ ገዥ ነበር፤ የእንግሊዙ የንግድ ድርጅት የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሰው። በርክ ይህንን ሰው በሕንዶች ላይ ግፍ ሠርቷል፣ ገንዘብ በልቷል ብሎ ከሰሰው። ችሎቱ እ.ኤ.አ. በ1788 ተከፍቶ ሰባት ዓመት ፈጀ። በርክ ሕንድን ረግጧት አያውቅም። ሕንዶች አይመርጡትም። አንድ ሳንቲም የሚያገኝበት ነገር አልነበረም። ሄስቲንግስ «እስያ ውስጥ አገዛዝ እንዲህ ነው፤ በእናንተ ሚዛን አትመዝኑኝ» አለ። በርክ ለዚህ የሰጠው መልስ ነው ለኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጥብኝ። ይህ «የካርታ ግብረ ገብ» ነው አለ። የምድር ወገብን የተሻገረ ሰው ምግባሩን ሁሉ እዚያው መስመር ላይ ጥሎ ያልፋል ማለት ነው ብሎ አፌዘበት። ኬክሮስ ፍትሕን አይቀይርም አለ። ይህን የተናገረው አፍሪካን በካርታ ላይ ለመቀራመት በርሊን ላይ ከመሰብሰባቸው ወደ መቶ ዓመት ገደማ አስቀድሞ ነው። ሄስቲንግስ በነጻ ተለቀቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1795። በርክ ግን በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት ይህ ነው ይል ነበር።

ታዲያ ለውጥ አይወድም የሚለውስ? እዚህ ላይ ጥፋቱ የጸሐፊው ብቻ አይደለም፤ የቋንቋችንም ነው። «ወግ አጥባቂ» የሚለውን ቃል ማን እንደፈጠረው አላውቅም እንጂ ሰውዬውን አስቀድሞ ፈርዶበታል። አጥባቂ ያጠብቃል። ገመድ ነው፤ ብሎን ነው። ጠባቂ ግን ሌላ ነው። ዘበኛ በሩን ይዘጋል፤ ባለቤቱ ሲመጣ ደግሞ ይከፍታል። ዘበኛ ሌሊት ጣሪያው ሲያፈስ ካየ ጠዋት ይናገራል። በርክ ወግ ጠባቂ ነው። በአንድ ፊደል የሚለያዩ ሁለት ሰዎች ናቸው።

አብዮቱን በተቸበት በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ጸሐፊው የዘለሉት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ራሱን የሚለውጥበት መንገድ የሌለው መንግሥት ራሱን የሚያቆይበትም መንገድ የለውም ይላል። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ፈረንሳይ አይደለም። የኛው ዘውድ ነው። በ1953 ዓ.ም. የታኅሣሡ ግርግር ሲነሳ ማስጠንቀቂያ ነበር። ተማሪው ከ1957 ጀምሮ «መሬት ለአራሹ» እያለ አደባባይ ወጣ። የጭሰኛና የባለርስት ግንኙነትን ያሻሽላል የተባለ ረቂቅ ፓርላማ ገብቶ እየተንከባለለ ቀረ። ፓርላማውን የሞሉት ባለርስቶች ናቸዋ። ማን የራሱን ርስት በገዛ እጁ ይቆርጣል? እንግዲህ 1966 መጣ። በርክ ያኔ ቢኖር ኖሮ የመጀመሪያ ወቀሳው በደርግ ላይ ይሆን ነበር ብዬ አላምንም። ጣሪያው ሲያፈስ እያዩ ዝም ያሉትን ነበር የሚወቅሰው።

ንግሥቲቱ ላይ ግን ጸሐፊው ልክ ናቸው። በርክ ማሪ አንቷኔትን በወጣትነቷ ቬርሳይ ላይ አይቷት ነበር። በመጽሐፉ እንደ ንጋት ኮከብ ያደርጋታል። በክፉ ዓይን ያያት ሰው ቢኖር አሥር ሺህ ሰይፍ ከሰገባው ይመዘዝላታል ብዬ ነበር ይላል። ሴትዮዋን እንደ አዝማሪ ነው ያወደሳት። ይህን ክፍል ባነበብኩት ቁጥር እኔም አፍራለሁ። የአብዮቱ ደጋፊ ጸሐፊ ቶማስ ፔይን የሰጠው መልስ ልክ ነበር፤ ለላባዋ አዝኖ የምትሞተዋን ወፍ ረሳት አለው። ጸሐፊው ይህን ጠቅሰዋል፤ ደግ አድርገዋል።

ያልጠቀሱት ቀኑን ነው። መጽሐፉ የወጣው ኅዳር 1 ቀን 1790 እ.ኤ.አ. ነው። የፈረንሳዩ ንጉሥ ገና በሕይወት አሉ። አንገት መቅያው ጊሎቲን አልተተከለም። ለንደን ውስጥ የተማረው ሁሉ እያጨበጨበ ነው። የበርክ የቅርብ ጓደኛ ቻርልስ ፎክስ ሳይቀር ያጨበጭባል፤ በኋላ በዚሁ ጉዳይ ፓርላማ መሃል ተጣልተው ፎክስ አልቅሷል። በዚያ ጭብጨባ መሃል በርክ ምን አለ? ሥልጣን ሁሉ ሲላላ ሠራዊቱ ለጊዜው ያምፃል፤ ወታደሩን ማባበል የሚያውቅ አንድ ተወዳጅ ጄኔራል እስኪመጣ ድረስ ነው፤ እሱ ሲመጣ የጉባኤያችሁም የሪፐብሊካችሁም ጌታ ይሆናል አለ። ንጉሡ በጥር 1793 እ.ኤ.አ. አንገታቸው ተቀላ። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1799 ሥልጣን ያዘ። በርክ ይህን አላየም፤ ከሁለት ዓመት በፊት ሞቷል።

እኛ ይህን ታሪክ ማንም ሳይተረጉምልን እናውቀዋለን። «ያለ ምንም ደም» እየተባለ ተጀመረ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ስልሳ ሰው ያለ ፍርድ ተረሸነ። ፈረንሳይ ጄኔራል አስፈልጓት ነበር፤ እኛ ጋ ሻለቃ በቃ።

ስለ ጭፍን ጥላቻ የተባለው ደግሞ የትርጉም ስህተት ነው። በርክ የተጠቀመበት የእንግሊዝኛ ቃል ዛሬ በርግጥ ጭፍን ጥላቻ ማለት ነው። እሱ ግን የሚናገረው ሰው ከማሰቡ በፊት በልማድ ስለያዘው ፍርድ ነው። ለቅሶ ቤት ሲገባ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ለምን ተብሎ ቢጠየቅ ወዲያው መልስ የለውም። ታላቅ ሲገባ ከወንበር ብድግ ይባላል። የእድር ገንዘብ ያዥ ለብቻው ካዝናውን አይከፍትም፤ ሦስት ቁልፍ በሦስት ሰው እጅ ነው። ይህን ማን አሰበው? አንድ ሊቅ አይደለም። ከኛ በፊት የተሞኙ ብዙ ሰዎች ናቸው። በርክ የእያንዳንዱ ሰው የግል የእውቀት ስንቅ ትንሽ ስለሆነ ከዘመናት ባንክ ቢበደር ይሻለዋል ይላል። ልማድ ሁሉ ጥሩ ነው አላለም። ከመጣሉ በፊት ውስጡ ምን እንዳለ ይታይ ነው ያለው።

እንግዲህ ፒያሳ።

ጸሐፊው ሃያ አባወራ በአንድ ሽንት ቤት ሲሉ አላጋነኑም። እኛ ግቢ አሥራ አራት ነበርን። ቤታችን የጭቃ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ክረምት ሲመጣ እናቴ ባልዲ የምታስቀምጥበት ቦታ ይታወቃል፤ ልጆች ሆነን የባልዲውን ድምፅ እየቆጠርን ነው የምንተኛው። ፍቅር አለኝ ብዬ ያንን ቆርቆሮ አላስውበውም።

ግን ያ ቤት እንዴት እንደዚያ ሆነ? ጸሐፊው «የአሮጌው ሥርዓት ቅሪት» ብለው ያልፉታል። እዚህ ላይ አልስማማም። ሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ። ሰው ከሚኖርበት ቤት ውጪ ያለው ሁሉ ተወረሰ። ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች ሆነ። አነስተኛው ኪራይ ላይ ቅናሽ ተደረገ። በዚያን ቀን ተከራይ ሁሉ እልል አለ፤ አያቴም ብላለች። ምክንያት ነበራት፤ አከራይዋ ደግ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን ቤቱ ባለቤት የሌለው ሆነ። ኪራዩ ጥቂት ብር ላይ ተቸንክሮ ቀረ። በጥቂት ብር ጣሪያ አይቀየርም። እኛ ራሳችን እንቀይር ብንል ደግሞ የኛ አይደለም። አንድ ጊዜ እናቴ አምስት ቆርቆሮ ገዝታ ፈቃድ ለመጠየቅ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላው ስትመላለስ ክረምቱ አለቀ። ቆርቆሮዎቹን ለሠርግ ዳስ አዋሰቻቸው። ስለዚህ ያ ጭቃ ቤት የወግ ቅሪት አይደለም። በአንድ ቀን ሁሉን አስተካክላለሁ ያለ አዋጅ ልጅ ነው።

በዚያው ሰሞን የሰፈር ስም ወደ ቁጥር ተቀየረ። ከፍተኛ ይህን ያህል፣ ቀበሌ ይህን ያህል። የፈረንሳይ አብዮተኞችም የጥንቱን አውራጃ ሰርዘው አገሪቱን በ83 ክፍል ሸነሸኑ። በርክ ያኔ ሳቀባቸው። በካሬ ልክ የሚኮራ ሰው የለም፤ የገበታ ቁጥር 71 ተወላጅ ነኝ ብሎ የሚመካ አይገኝም አለ። እኛም ዶሮ ማነቂያ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ እሪ በከንቱ ማለታችንን አልተውንም። ለነገሩ በርክ እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ልክ አልነበረም። ሃያ ሁለት የሚሉት ሰፈር አለና። አሥራ ስምንትም አለ። ሰው ከኖረበት ቁጥርም ሰፈር ይሆናል። የሃያ ሁለት ልጅ ነኝ ብሎ ደረቱን የሚነፋ ሰው ለበርክ ባሳየው ደስ ይለኝ ነበር።

በ2016 ሰፈራችን ተነሳ። ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰን። የራሴን ሽንት ቤት በር በቁልፍ ስከፍት ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። እናቴ ባንቧውን ከፍታ ዝም ብላ ውሃውን ስታይ ቆየች። ስለዚህ ጸሐፊው «በርክን ብንሰማ ኖሮ» ሲሉ የሚከራከሩት ቤቱ ይቆይ ካለ ሰው ጋር ነው። እኔ አላልኩም፤ በርክም የሚል አይመስለኝም። በርክ ዝነኛ ንጽጽሩ ውስጥ የፈረንሳይን አሮጌ ሕገ መንግሥት እንደ ፈራረሰ ቤተ መንግሥት ያየዋል። ግድግዳው ከፊሉ ወድቋል፤ መሠረቱ ግን ነበር፤ በዚያ ላይ መጠገን ትችሉ ነበር ይላቸዋል። ፒያሳ ውስጥ የጥገና ምሳሌ ቢፈለግ ሩቅ አይኬድም። ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ተቃጠለ። መልኩ ሳይጠፋ ተጠግኖ ዛሬም ምሳ ይበላበታል። የኛን ጭቃ ቤት እንደዚያ ጠግኑት ማለቴ አይደለም፤ የሚጠገን አልነበረም። ጥያቄዬ ሌላ ነው።

እድራችን። የአያቴ ትውልድ ያቋቋመው ነው። ሁለት ድንኳን፣ ስድስት ብረት ድስት፣ አግዳሚ ወንበር፣ ሰሃን በደርዘን። ጥሩምባ ነፊያችን ሲሞቱ ልጃቸው ተረከበ። ሰፈሩ ሲነሳ ቅጽ ሞልተናል። የቤተሰብ ብዛት የሚል መስመር አለ። የመታወቂያ ቁጥር የሚል አለ። እድር የሚል መስመር አልነበረም። ስለዚህ አባላቱ በሦስት የተለያየ ሳይት ተበተኑ። በክፋት አይደለም። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ጎረቤት የሚባል ነገር እንደሚነሳ ዕቃ አልታየውም። አሁን ሰው ሲሞት ጥሩምባው በቴሌግራም ነው። ድንኳኑ በአንድ ሳይት ነው፤ ድስቱ በሌላው። ባለፈው ጥቅምት የእድሩ ዳኛ ባለቤት ሲያርፉ ብረት ድስት በሚኒባስ ጭነን ከተማውን አቋርጠናል። ረዳቱ ለእያንዳንዱ ድስት የአንድ ሰው ሂሳብ አስከፈለን።

በርክ ስለዚህ ነው የሚያወራው። መንግሥት እንደ በርበሬና ቡና ንግድ፣ ሲፈልጉ ገብተው ሲፈልጉ የሚወጡበት ሽርክና አይደለም ይላል። በሕያዋን፣ በሙታንና ገና በሚወለዱት መካከል ያለ ማኅበር ነው። ፈረንጆቹ ይህ ዓረፍተ ነገር ረቂቅ ነው ይሉታል። እድርተኛ ግን ወዲያው ይገባዋል። አያቴ መዋጮ ስትከፍል ለራሷ ቀብር ብቻ አልነበረም። የከፈለችበት ድስት እኔን ይቀብረኛል። በርክ ሰው አባል የሆነባትን ትንሿን ጓድ መውደዱ አገር የመውደድ የመጀመሪያ ዘር ነው ብሏል። እውነቱን ለመናገር ይህን ሲጽፍ ያሰበው እንደ እድር ያለ ነገር አልነበረም፤ የገዛ መደባቸውን የናቁ መኳንንትን እየወቀሰ ነበር። ሰው ቆይቶ ነው ያሰፋው። እኔም ወደ ዶሮ ማነቂያ ወሰድኩት። በርክ ቢቀየመኝ ይቀየመኝ።

እንግዲህ በርክ ቅጹን ቢያይ ምን ይጠይቅ ነበር? ቤቱ ይፍረስ አይፍረስ ብሎ አይጀምርም። ማን ተጠየቀ? አብሮ የሚኖረው ሰው አብሮ ይሄዳል ወይ? ነገ ስህተት ሆኖ ቢገኝ መመለሻ አለው ወይ? እነዚህን ለመጠየቅ ሽንት ቤት መጥላት አያስፈልግም። ሦስት ግቢ በአንድ ብሎክ አብሮ ቢነሳ ኖሮ ሽንት ቤቱም እድሩም ይኖረን ነበር። ቅጹ ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው።

ጸሐፊው በርክን ሊመቱ ፈልገው ዱላውን ስተውታል። እኔ ላቀብላቸው። እ.ኤ.አ. በ1795 እንግሊዝ ውስጥ እህል ጠፋ፤ ዳቦ ተወደደ። በርክ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ በጻፈው ማስታወሻ መንግሥት ጣልቃ አይግባ፤ ሕዝብን መመገብ የመንግሥት ሥራ አይደለም አለ። የድሃውን ጉዳይ ለገበያና ለምጽዋት ተወው። የ1965ቱን የወሎ ረሃብ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ገጽ አንብቦ ልቡ ደህና አይሆንም። የኔም አልሆነም። ለሕንዶች ሰባት ዓመት የተሟገተ ሰው ደጁ ላይ ላለው ረሃብተኛ እንዴት እንዲህ ጨከነ? መልስ የለኝም።

ባርነትም አለ። በርክ የባሪያ ንግድን ይጠላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1780 ባርነትን ደረጃ በደረጃ የሚያስቀር ረቂቅ ሕግ ጻፈ። ደረጃ በደረጃ! እኔ ጥገናን አደንቃለሁ፤ ግን በሰንሰለት ላለ ሰው «ቀስ በቀስ» የሚለው ቃል ምን ይሰማዋል? የሱ ዘዴ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። የሚጠገን ቤት አለ፤ አንድ ቀን እንኳ መቆም የማይገባው ቤትም አለ። የቱ የቱ እንደሆነ በርክ ሁልጊዜ አልለየም።

«የእሪያ መንጋ» የምትለዋም አለች። ትምህርት በእሪያ መንጋ ሰኮና ይረገጣል ብሎ ጻፈ፤ የለንደን ድሃ ሰደበን ብሎ ተቆጣ። ከዚያ ግን ተቆጥተው አልቀሩም። አንዱ መጽሔቱን «የአሳማ ቀለብ» ብሎ ሰይሞ አሳተመ። ይቺን ጸሐፊው ቢያገኟት ኖሮ ከኔ ይልቅ አሳምረው ይጽፏት ነበር።

ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ሂሳቡን እሱ ከፈለ። ክርክሩን አሸነፍክ ማለቱ ነው ወይስ በቃህ ማለቱ፣ አልገባኝም። ጸሐፊው ቢመልሱልኝ ግን ደስ ይለኛል፤ ቡናው በኔ ነው። ከላይ ለሚሰቅሉት ጥቅስ ብቻ፣ በርክ ያለውን ይፈልጉ።